የያሲን ደም ለጉዞ ሲዘጋጅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ 2፡00 ጠዋት
ደብተሬ፣ ሱቁን ከፈትኩ። ሰሊጥ የጫኑት መኪኖች አቧራቸውን ስኳሩ ላይ ነስንሰውልኝ አለፉ። ባሌ ያሲን ጓዳ ተኝቶ ፉሉ ጨው አነሰው ይላል። የደም ካንሰሩ አንደበቱን አልያዘውም፣ አልሐምዱሊላህ።

9፡00 ከሰዓት
የእህቴ ልጅ ሐያት ደወለች። ባሕር ማዶ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። በሚሞከረው አዲስ ሕክምና ቦታ ተገኘለት! ነጭ የደም ሴሎቹን ያወጣሉ፣ ካንሰሩን ለይተው እንዲገድሉ የሚያዝ ጂን ይከቱባቸዋል፣ ከዚያ መልሰው ለእሱ ይሰጡታል። ጂኑን የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ቫይረስ ነው። እነሱ ግን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሴሉን ቆዳ ለቅጽበት ይከፍቱና ያስገባሉ። አለቀስኩ።
ያሲን “ኤሌክትሪክ” የምትለዋን ሰማ፣ አበቃ። አምና የወፍጮ ሞተር ነዝሮታል። አልሄድም አለ።

ማክሰኞ፣ 4
ሐያት ለአራተኛ ጊዜ አስረዳችው። የሚነዘሩት ሴሎቹ ናቸው፣ አጎቴ ያኔ ሌላ ክፍል ሾርባ ይጠጣል አለች። መብራት ቢጠፋስ? አላት። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የኖረ ሰው ነው፣ አልፈርድበትም። ጀኔሬተር አለን አለችው። ናፍጣውስ? ሲላት ስልኩን ቀማሁት።
በመጨረሻ እሺ አለ። ሐሙስ እዚሁ ደሙ ይመረመራል። ካነሰ ጉዞ የለም።

ረቡዕ፣ 5
ዋግምት የሚያደርገው ሐጂ ኢድሪስ መጣ። ያስጠራው ያሲን ነው፤ ሐኪሞቹ ንጹሑን እንዲያገኙ የቆሸሸው ደም ቀድሞ ይውጣ ባይ። እውነት መሰለኝ፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረግ የለ? ጀርባው ላይ ስድስት ቦታ በጥቶ ደሙን መጠጠ። ብርጭቆ አቀባይዋ እኔ ብልጧ!

ሐሙስ፣ 6
ደሙ አነሰ። የመረመረችው ሐኪም ጀርባውን ገልጣ አየች፣ ከዚያ እኔን። “ሐጃ፣ ይህን ማን ፈቀደ?” ጣራ ጣራውን አየሁ። ደም ይለገስለት ብላ አዘዘች። ሐያት እንደምትለው ቦታው የሚጠበቅልን አንድ ሳምንት ብቻ ነው፣ ከዚያ ለተረኛው። ፈራሁ ደብተሬ። በጣም ፈራሁ።

እሑድ፣ 9
ሐጂ ኢድሪስ አፍሮ ደም ሊለግስ መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲበጣ የኖረ፣ መርፌዋን አይቶ ዘጭ! ውኃ ረጭተን አነሳነው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሰጠ። ሁለት ጎረቤቶችም ሰጡ።
ማታ ያሲን ላይ ጮኽኩበት። ያኔ እውነቱን ነገረኝ። ሐጂን ሲያስጠራ ደሙ እንደሚያንስ ያውቅ ነበር። ንዝረቱንም አይደለም የፈራው። ሕክምናው ተሞክሮ እንቢ ቢል ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ነገር አይኖረውም፤ ሳይሄድ ሲቀር ግን ተስፋው እጁ ላይ አለ። ሐያትም ይድናል ብላ አልማለችም። ሃያ ዓመት አብሬው ተኝቼ ይህን ሰው ሲፈራ አላየሁትም።

ሐሙስ፣ 13
ደሙ ምርመራውን አለፈ፣ ለጥቂት! ሐያት የላከችው የሕክምናው ቅጽ ላይ በቅርቡ ባህላዊ ሕክምና አድርገዋል ወይ ይላል። ያሲን የለም በይ አለኝ። አዎ ብዬ ሞላሁ፣ ስድስቱንም ቦታ ጠቅሼ። እያጉረመረመ ፈረመ።
ብቻውን ሊሄድ ነበር፣ ሱቁ እንዳይዘጋ ተባብለን። ዛሬ ዘጋሁት። ነገ ንጋት 12፡00 አውሮፕላን ወደምንሳፈርበት ፖርት ሱዳን በሚወጣው አውቶቡስ ሁለት ወንበር ይዣለሁ፣ ጎን ለጎን። እሱ ገና አላወቀም። ከጓዳ ይጠራኛል፣ ሄጄ ልንገረው።