የጀልባው ሞተር ዘይት

ይድረስ ለምትናፍቂኝ እትዬ፤ እንዴት ከረምሽ? እኛ ድካሙ ሲቀር ደህና ነን።

ትናንት የዓሣ ነጋዴው ጀልባ ላይ የዘይት ግፊቱ ወረደ። አባባ «መለኪያው ነው የሚዋሸው» ብሎ በአዲስ ቀየረው፤ መርፌው ግን ከታች አልነሳ አለ። የዘይቱን መጠን ማያ ዘንግ ሳወጣው ዘይቱ ከልኩ አልፏል፤ ቀጥኖ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። የናፍጣ ፓምፑን ፈትቼ ባየው ደህና ነው። ለካ አባባ ከትናንት በስቲያ ዘይት ሲጨምር የተጠቀመበት ጀሪካን እዚያው ቆሟል፤ የዘይቱ ሳይሆን የናፍጣው ነው።

«አባባ፣ ትናንት በዚህ ነው እንዴ የሞላኸው?»

«እኔ? ትናንት መች እዚህ መጣሁና!» ብሎ ተቆጣኝ።

ለነጋዴው «የፓምፑ ጎሚኒ አርጅቶ ናፍጣ ወደ ዘይቱ አፈትልኮ ነው» አልኩት። ዘይቱን ደፍቼ፣ ፊልትሮውን ቀይሬ አዲስ ስሞላ መርፌው ቦታው ገባ። አባባ ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ «እጅህ ይባረክ! ሙያውን ማን አስተማረህ?» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን ዓይን ዓይኔን እያየ መልሴን ይጠብቃል።

«አንድ ጎበዝ መካኒክ» አልኩት።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ፈቃድ ካገኘሽ ዘንድሮ ብቅ በይ። እስከዚያው ለአባባ ስትደውዪ፣ አደራ፣ መጀመሪያ ስምሽን ንገሪው።

አክባሪ ወንድምሽ