አባባ ያስቆፈረው ሐይቅ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን።

አባባ ከቤቱ ጀርባ ያስቆፈረው ሐይቅ በክረምቱ ዝናብ ጢም ብሎ ሞላ። ሲያስቆፍር የሳቁበት ጎረቤቶች ዛሬ ልጆቻቸውን ይዘው ሊዋኙ ይመጣሉ።

እሁድ አባባ ራሱ ዘሎ ገባ። ሁለታችንንም ዋና ያስተማረን እሱ አይደል? ዳር ቁጭ ብዬ ሳየው፣ መሃል ላይ እጁን ማንቀሳቀስ አቆመና መስመጥ ጀመረ። ከነልብሴ ገብቼ ጎትቼ አወጣሁት። ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

«ምነው አባባ፣ ደከመህ እንዴ?» ስለው ውሃውን ትኩር ብሎ አየና፣ «ይሄን ሁሉ ውሃ ማነው እዚህ ያመጣው?» አለኝ።

ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ዕረፍትህን ለከርሞ አታቆየው፤ ዘንድሮውኑ ና።

ዓይንህን ለማየት ያብቃን።

ታናሽ እህትህ