«ፍሪሲዮን ፍሪሲዮን ይላል»

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ አባትሽ እንደተኛ

የኔ ዓለም፣ የሆዴ ማረፊያ፣ እንዴት ነሽልኝ? ሥራውስ፣ ብርዱስ እንዴት ይዞሻል?

ከሌላ ሰው ሳትሰሚ አንድ ኀፍረቴን ላጫውትሽ። ባለፈው ሰሞን ከመጠጥ መደብሩ ብቅ ስል ከማን ጋር ብገጣጠም ጥሩ ነው? ፎቁ ሥር ካለችው ፀጉር ሠሪ ጋር። የያዝኩት ፌስታል ደግሞ በየእርምጃዬ ቅጭል ቅጭል ይላል። «ኮምጣጤ ነው» አልኳት፣ ሳትጠይቀኝ። ምን ዋጋ አለው፣ ሳይመሽ ፎቁ በሙሉ ሰምቷል። አሁን በበሯ ሳልፍ የሰው ፀጉር እየጠቀለለች «እትዬ፣ ለእንቅልፍ ይረዳል ይባላል» ትለኛለች። «ለእንቅልፍስ አይታማም» ብያት አልፋለሁ። ትጠጣለች ይበሉኝ። ለማን ነው ብለው ከሚጠይቁኝ እሱ ይሻለኛል።

ለአባትሽ ነው። ሳትስቂ አንብቢ። ዕድሜ ልኩን መኪና መንዳት ሲያስተምር ኖሮ፣ ሰርግ ቤት እንኳ ብርጭቆውን ገልብጦ ይቀመጥ የነበረው ሰውዬ፤ «ነገ ጠዋት የሰው ልጅ መሪ ይዞ አጠገቤ ይቀመጣል» እያለ። ተማሪዎቹ ጋሽ ፍሬን ያሉት ያው አባትሽ፣ በስተርጅና ውስኪ ልማር ብሎ ተነሣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙን ታውቂው የለ? ጨው ቀንሱ፣ ስብ ተዉ፣ ስኳር በዞረበት አትዙሩ እያለ ስንት ዓመት ሲነዘንዘን የኖረውን? ባለፈው ስንሄድ ወረቀቶቹን አገላበጠ፣ መነጽሩን አወለቀ። «ከእንግዲህ ደስ ያለዎትን ይብሉ፣ ደስ ያለዎትን ይጠጡ» አለው። ሌላ ቀጠሮም አልሰጠን። አባትሽ ኮቱን እየለበሰ «ምሕረት ወጣልኝ» አለኝ። ሳቅሁለት። ኮሪደሩ እስኪያልቅ ድረስ ሳቅሁለት።

ውጭ ስንደርስ «እና ምን አማረህ?» አልኩት።

«ውስኪ። ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያወራለት ነገር ምን እንደሆነ ሳላውቅማ...» አለና ተወው።

የመደብሩ ሻጭ ያንቺ እኩያ ናት፤ አፏ ማር። «አባባ፣ ጀማሪ ቀለል ካለው ነው የሚነሣው። ጭስ ጭስ የሚለውን መጨረሻ ላይ ያድርጉት። ከሱ ከጀመሩ ምላስዎ ሌላውን አይሰማልዎትም» አለችው።

«ገባኝ። በመጀመሪያ ቀን ዳገት አይወጣም» አላት።

መጀመሪያ አፍን ከፈት አድርጎ ማሽተት ነው። ከዚያ ምላስን ማርጠብ ብቻ። ከዚያ ጥቂት የውኃ ጠብታ ጨምሮ እንደገና መቅመስ። እሷ ስትነግረው እሱ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፤ ዕድሜ ልኩን ሲያዝ የኖረ ሰው እንዲህ ሲታዘዝ አይቼው አላውቅም። እኔ ትልቁን ጠርሙስ ሳነሣ ልጅቷ «ቢከፈትም ዓመት ይቆያል፣ አይበላሽም» አለችን። አባትሽ ጠርሙሱን ከእጄ ወስዶ ወደ መደርደሪያው መለሰው። «ትናንሾቹ ይበቁናል» አለ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ አጎንብሳ ትናንሾቹን ትመርጥልን ጀመር።

የመጀመሪያውን ሲቀምስ ፊቱን አጨማደደ። «ይሄማ ቀለም ማቅጠኛ ነው።» ውኃ ጠብ አደረግኩለት። ደግሞ ቀመሰና «ቆይ፣ ቆይ። ማር ማር ይላል» አለ። ሌላ ቀን ሁለተኛው ተከፈተ፤ ዘቢብና የእናቱ ቁም ሣጥን ሸተተው። እኔን ሁሉም ጉሮሮዬን ይፈጀኛል እንጂ ሌላ አልታየኝም፤ ግን «እውነትህን ነው፣ ዘቢብ» እላለሁ። ምግብ አንዴ ጎርሶ ሳህኑን የሚገፋ ሰው፣ በውስኪ ጣዕም እስኪደክመው ይከራከረኛል። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቼለታለሁ፤ ስለሱ ሁለታችንም አንነጋገርም።

በመጨረሻ የጭሱ ተራ ደረሰ። አሸተተውና ዓይኑን ጨፈነ።

«ፍሪሲዮን» አለ።

«ምን?»

«የተቃጠለ ፍሪሲዮን ፍሪሲዮን ይላል። ቅመሺው እስቲ። ልጃችን ዳገቱ ላይ መኪናዬን ያጨሰችብኝ ቀን እኮ ነው።»

ታስታውሻለሽ? ከኋላ ያለው ሾፌር ክላክሱን ሲያንባርቅብሽ፣ አንቺ መሪው ላይ ተደፍተሽ ስታለቅሺ፣ እሱ «ይጩኽ፤ መንገዱን አልገዛውም። አንቺ ቀስ ብለሽ ልቀቂ» ሲልሽ? ከሥር ጀምሮ እንደ አዲስ አወራኝ። ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። በኋላ ለሻጯ ብነግራት እሷም ሳቀችና «ብዙ ሰው እኮ ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል ነው የሚለን» አለችኝ። ይሄን ለሱ አልነገርኩትም።

ደግሞ አንድ ነገር። ቴሌቪዥኑ ላይ መኪና ሲፈጥን ቀኝ እግሩ ምንጣፉን ይረግጥ አልነበር፣ ፍሬን ያለ ይመስል? ቦታው ሳስቶ ወለሉ ሊታይ ምንም አልቀረው። ሰሞኑን አይረግጥም። መኪናው ሲከንፍ ዝም ብሎ ያየዋል።

ትናንት ተመልሼ ሄድኩና የፍሪሲዮኑን ትልቁን ጠርሙስ ገዛሁ። በፀጉር ሠሪዋ ደጃፍ ያለ ፌስታል ይዤው አለፍኩ። አባትሽ ጠርሙሱን አየ፣ እኔን አየ።

«ይሄን ሁሉ ማን ይጨርሰዋል?»

«አብረን ነዋ» አልኩት።

ጠርሙሱን ተቀበለኝ። «ለልጃችንም ይተርፋታል» አለና ከፍቶ የጥፍር ያህል ቀዳ።

ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ እንዳትጽፊላት ብሎ አስምሎኛል። መሐላዬን አላፈረስኩም፤ ስለ ውስኪ ብቻ ነው የጻፍኩልሽ። የዓመት ፈቃድሽ ገና ነው ብለሽኝ ነበር። አለቃሽ ግን ደግ ሴት ናት ትይ የለ? እንደው ለወሬ ያህል ጠይቂያት።

የረገጥሽው ይጥናልሽ፤ የደረስሽበት መብራት ሁሉ አረንጓዴ ይሁንልሽ፤ ክፉ አይንካብኝ።

እናትሽ

ውስኪው አሁን ከጠርሙሱ ትከሻ ትንሽ ዝቅ ብሏል። ወገቡ ላይ ሲደርስ እጽፍልሻለሁ። ከዚያ በፊት ከመጣሽ ግን ራስሽ ታይዋለሽ።