ኮሶ የመሰለኝ መድኃኒት

ልጄ ማርያማዊት፣ እመብርሃን በሄድሽበት ትቅደምልሽ፤ ጎረቤታችን ዙሀራም ዱአ ታደርግልሻለች። ገብሱ ታጭዷል፤ እኛም ደህና ነን።

ሆዴን ቢያመኝ ደሴ ሆስፒታል ሄጄ፣ ሐኪሙ አንጀቴን በካሜራ ሊያይ ሆድ የሚያጥብ መድኃኒት ሰጠኝ። እኔ ኮሶ እንደጠጣ ሰው በጥሩ ምግብ መጠገን ያለብኝ መስሎኝ፣ አክስትሽ ሸዋረግ የሠራችልኝን ዶሮ በላሁበት። በነጋታው «እማማ፣ ምግቡ ጋርዶኛል» ብሎ መለሰኝ። ደግሜ ጠጥቼ ጦሜን ሄድኩ። ትንሽ እባጭ አገኘና ወደ ካንሰር ሳይለወጥ እዚያው ቆርጦ አወጣልኝ።

አባትሽ ከሰገራው ጋር የሚወጣውን ደም ኪንታሮት ነው እያለ ደብቆን በዚሁ በአንጀት ካንሰር ሞተ። ይህን ስነግረው ሐኪሙ «ልጆችዎም ይታዩ» አለኝ።

እባክሽ ማዳምሽን አስፈቅደሽ ተመርመሪ። አምላክ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ማፈሩ በአባትሽ ይብቃ።