አንዱ ለግቢው፣ አንዱ ለስልኩ

ረቡዕ

ዛሬም አንዷለም ሄድፎኑን አላጋራም አለ። የደብራችንን ድምፅ ማጉያ በበጎ ፈቃድ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳስተምረውም እንዲሁ እልኸኛ ነበር። ያለን አንድ ሄድፎን ነው፤ በእሱም የሚሰማው የግቢው ድምፅ ብቻ ነው። በስልክ በቀጥታ የሚተላለፈውን ከእኛ መካከል ማንም አያዳምጥም። ስርጭቱን የያዘችው ጥሩወርቅ ስክሪኑን ብቻ ታያለች።

ሦስት እሑድ ስብከቱ ታፍኖ ወጣ። ባለቤቴ የሻረግ ወገቧን ከታመመች ወዲህ ስብከት የምትሰማው በስልክ ነው። «ጆንያ ውስጥ የገባ ሰው ነው የሚያወራው» አለችኝ።

ጥፋቱ የአንዷለም ነው። የማያውቀውን ቁልፍ ይነካካል። ነገርኩት። «ቲቸር፣ ጡረታ የወጡት ከትምህርት ቤቱ ብቻ ነው እንዴ?» አለኝ፣ በሰው ፊት።

የስርጭቱን ትንሽ ማይክ ሰባኪያችን መሪጌታ ላይ የምሰካው እኔ ነኝ፤ ከጋቢያቸው ሥር፣ ኮታቸው ላይ፣ እንዳይታይ። የግቢው ማይክ ሌላ ነው፤ ፊታቸው ይቆማል። በእኔ በኩል እንከን የለም።

ሐሙስ

ከምንኖርባት ከአምበር ወደ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ሁለተኛ ሄድፎንና መስመር የሚያካፍል ገመድ ገዛሁ። ባለ ሱቁ «አባቴ፣ ዲጄ ሊሆኑ ነው?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ገመዱን ሦስት ጊዜ አስሞከርኩት።

ዓርብ

አንዷለም ሰበካ ጉባኤው ፊት ቆሞ «መሳለቂያ ሆነናል፤ ስርጭቱ ይቅር» አለ። እሑድ ካልተስተካከለ ይቋረጣል ተባለ። ለየሻረግ አልነገርኳትም።

ቅዳሜ

መስመሮቹን ለየሁ። ቀይ ፕላስተር፦ የግቢው፣ ለአንዷለም። ነጭ፦ የስልኩ፣ ለጥሩወርቅ። አንዷለም ቆሞ አየ እንጂ ጣቱን አላነሳም።

«ፈተናውስ መቼ ነው?» አለ።

«አሁን። ቀዩ የማን ነው?»

ሳይመልስ ሄደ። ዜሮ።

እሑድ

መሪጌታ ሲጀምሩ ጥሩ ነበር። ነፋስ ተነሣ። ጥሩወርቅ ሄድፎኗን በሁለት እጇ ጫን አድርጋ «መምህር፣ ታፈነ!» አለች። አንዷለም ላይ ልጮህ ዞርኩ። እጆቹን አጣምሮ ቆሟል፤ ምንም አልነካም። «በቀዩ ጥርት ብሎ ይሰማል» አለ።

«እኔ ጋ ጨርቅ ሲፈተግ ነው የሚሰማው» አለች ጥሩወርቅ።

መሪጌታን አየሁ። ብርዱን ሽሽት ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበውታል። ማይኩ ከሥሩ ነው።

ለመዝሙር ሲያርፉ ጋቢያቸው ላይ አውጥቼ ሰካሁት። እስከ መጨረሻው ጠራ። ሰበካ ጉባኤውም ስርጭቱ ይቀጥል አለ።

ስብከቱ እንዳለቀ ማይኩን ከመሪጌታ ነቅዬ፣ በእጄ እንደያዝኩ አንዷለም ዘንድ ሄድኩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነበር።»

ሄድፎኑን አወረደ። «አልሰማሁም ቲቸር፣ ይድገሙት።»

ደገምኩት። «እኔን ሃምሳ ጊዜ ነበር የሚያጽፉኝ» አለና ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። አልሳቀም። ጥሩወርቅ ከጀርባው እጇን ወደ ማይኩ ታወናጭፍ ነበር፤ ዝም ይበሉ ያለችኝ መሰለኝ።

ቤት ስገባ የሻረግ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ።

«ሰማሽ?»

«አንድም ቃል አላመለጠኝም። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ‹ጥፋቱ የእኔ ነበር› አለ፣ ሁለት ጊዜ። ድምፁ ያንተን ይመስላል። ቃሉን ግን እዚህ ቤት ሰምቼው አላውቅም።»