ሦስት ደቂቃ ለሌኦ

ማዳዋስካ፣ ሜይን
ማክሰኞ፣ ማርች 3

ሊዜትዬ፣ የእኔ ሹም፣

ከሰላምታው በፊት ክስ አለኝ። ከምርጫው በተረፈው፣ ፎቶሽ ባለበት የቅስቀሳ ሰሌዳ የዶሮ ቤቱን ቀዳዳ ደፈንኩ። ከዚያ ወዲህ ዶሮዎቼ እንቁላል መጣል አቆሙ። አይፈረድባቸውም፤ አሥራ አንድ ዓመት ዐቃቤ ሕግ ሆነሽ ሰው ላይ ያፈጠጥሽበት ዓይን እኮ ነው። ትናንት ፊትሽን ወደ ውጭ አዞርኩት። ዛሬ ሁለት እንቁላል አገኘሁ፤ ቀበሮም ድርሽ አላለም።

ለመሆኑ ምክር ቤቱ ያለበት ኦገስታ እንዴት ይዞሻል? ምሳ ትበያለሽ? የምክር ቤት አባል ሆና ከሳች የሚል ወሬ እንዳልሰማ።

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉም ማሰሮውን ይዞ የሚመጣበት የባቄላ እራት ነበር። ማዳም ሲር እዚያው እራት ላይ ያደረግሽውን የመጀመሪያ ቅስቀሳሽን አሁንም አልረሳችውም። "ማሰሮዬን ይዤ ብገባ፣ 'ይህን ባቄላ የሠሩት እርስዎ ነዎት? አዎ ወይም አይደለም ብለው ይመልሱ' አለችኝ እኮ። ጠበቃ ልጠራ ምንም አልቀረኝም" እያለች ሰውን ስታስቅ አመሸች። ኋላ ግን፣ "ቢሆንም መርጫታለሁ፤ ያን ቀን ሳህን ስታጥብ አይቻታለሁ" አለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሌኦ ቡድሮን እንዳልሽኝ አነጋገርኩት። በወጣትነቱ ያጠፋ ሰው ከዓመታት በኋላ የወንጀል መዝገቡ ይዘጋለት የሚለው ረቂቅሽ በሚቀጥለው ሐሙስ ኮሚቴ ፊት እንደሚቀርብ ነገርኩት። ነገሩ የደረሰበት ሰው ካልተናገረ ረቂቁ እዚያው እንደሚቀበር፣ ለሚናገር ሰው ሁሉ ሦስት ደቂቃ እንደሚሰጠውም አልደበቅኩትም። በረዶ እየዛቀ ነበር። አካፋውን አላቆመም።

"ጋሽ ሮሜዮ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የሰው ጎጆ ሰብሬ የጀልባ ሞተር የሰረቅኩ ጊዜ፣ ዳኛው ፊት 'ይህ ልጅ ለከተማው አደጋ ነው' ያለችው ማን ናት?"

"የእህቴ ልጅ ናት።"

"ዛሬም የትምህርት ቤት አውቶብስ ልንዳ ስል ያንኑ ነው የሚያወጡብኝ። አሁን ደግሞ ሄጄ ልናገርላት?"

"ለእሷ ተናገር ማን አለህ? ለራስህ ተናገር።"

"ለራሴ መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው" አለና አንድ አካፋ በረዶ እግሬ ላይ ደፋው። አምልጦት አይመስለኝም።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ነገርኩት፤ ብትቆጪኝም ተቆጪኝ። እሱ የተፈረደበት ዕለት ከተማው ሁሉ እጅሽን ሲጨብጥሽ ዋለ። አንቺ ግን እኔ ቤት መጥተሽ፣ የምትወጂውን የድንች ገንፎ ሳትነኪ፣ ካፖርትሽን እንኳ ሳታወልቂ ተቀመጥሽ። ምን ሆንሽ ብዬ አልጠየቅኩሽም። ይህንን ነው የነገርኩት።

አካፋውን አቆመ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

እንግዲህ ከእሱ ምንም አትጠብቂ፤ ግን አትቀየሚው። ረቂቁ ቢወድቅም ወደ ቤትሽ የሚወስደው መንገድ ያው ነው፤ የዶሮ ቤቱም ጠባቂ አያጣም። አምላክ አንደበትሽን ያለስልስልሽ። ፊትሽ ቀበሮ እንጂ ሰው አያስፈራ።

ቆይ፣ በር ተንኳኳ።

ሌኦ ነው። ኮፍያውን በእጁ ይዞ በረዶውን ከጫማው ያራግፋል። "ጋሽ ሮሜዮ፣ ሦስት ደቂቃ ምን ያህል ይረዝማል?" አለኝ።

የግድግዳ ሰዓቴ እንደምታውቂው ከቆመ ቆይቷል። ከሁለቱ እንቁላሎች አንዱን የፈላ ውሃ ውስጥ ልጨምርለት ነው። እንቁላሉ ሳይጠነክር ንግግሩን ከጨረሰ፣ በሦስት ደቂቃው ደርሶለታል ማለት ነው።

አጎትሽ ሮሜዮ