ኅዳርን ውጭ ያደረው ጥጃ

ሰኞ፣ ኅዳር 24

የመጨረሻው ቤት ዛሬ ፈረመ። አሥራ አንድ ቤት፣ አሥራ አንድ አውራ ጣት። ከእንግዲህ በመንገዱ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ከብቱን ከመኖሪያ ቤቱ አውጥቶ ውጭ በረት ያሳድራል። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው ሥራችንን ሊያይ ይመጣል። እኔ የንጽሕና ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ሱሉልታ ከመጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል፤ ቅዳሜ ካማረልኝ አለቃዬ አዲስ አበባ ሊያዛውረኝ ቃል ገብቷል። እውነቱ ይኸው ነው። የሕዝብ ጤና ምናምን የምለው ለስብሰባ ነው።

ያስቸገሩኝ ጎረቤቴ ኦቦ ገመዳ ናቸው። ላማቸው ከወለደች ሳምንት አልሞላትም። ልጃቸው መስከረም ላይ በወሊድ ሞታባቸው የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉት እሳቸውና ባለቤታቸው አዴ ሙሉ ናቸው። ሕፃኑ እስካሁን የኖረው ከየቤቱ ተለምኖ በሚመጣ ወተት ነው፤ ላሟ ስትወልድ ሰፈሩ እልል አለ።

"እናቲቱስ ትችለው ይሆናል፤ ጥጃው ግን ኅዳርን ውጭ አያድርም ልጄ" አሉኝ።

ስለ ቁንጫው፣ ስለ እበቱ፣ ስለ ሕፃኑ ሳንባ አስረዳኋቸው። ጥሩ አድርጌ ነው ያስረዳሁት። ፈረሙ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

ውርጭ! ሜዳው ነጭ ሆኖ አደረ። ባልዲ ውስጥ የረሳሁት ውሃ በላዩ ስስ በረዶ ይዟል፤ በጣቴ ሰበርኩት። እየሮጥኩ በረቱ ጋ ሄድኩ። ጥጃው አለ፤ ጆንያ አልብሰውታል። "አካም ቡልተን ኦቦ?" ብዬ እንዴት እንዳደሩ ብጠይቃቸው "እኛማ ቤት ነው ያደርነው" አሉኝ። ዋጥ አደረግኋት።

እንስሳ ይህን ብርድ እንዴት እንደሚችለው ጠየቅኋቸው። ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ያሉኝን ልጻፈው፦

ፈረስ ቂጡን ለነፋሱ ሰጥቶ አንገቱን ይደፋል። ፀጉሩም በዚህ ወራት ይረዝማል።
በግ እርስ በርሱ ተፋፍጎ ይተኛል።
ዶሮ ላባዋን ነፍታ አንድ እግሯን ሆዷ ሥር ትሸጉጣለች።
እንቁራሪት ጭቃ ውስጥ ትገባለች፤ እስኪሞቅ አትነቃነቅም።
ንብ ቀፎዋ ውስጥ አንድ ላይ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች። በመንቀጥቀጧ ነው የምትሞቀው አሉ፤ ይህን አላውቅም ነበር።
ላም ሆዷ ምድጃዋ ነው። ጠግባ ካመነዠከች ታድራለች።

"ጥጃስ?" አልኳቸው።

"ጥጃ ሣር አልበላ፣ ምኑን ያመነዥካል? ከእናቱ ጋ እንዳላሳድረው ወተቱን ጨርሶት ያድራል፣ የሕፃኑ ይቀራል። ለብቻው ይታሰራል። እስከ ዛሬ ለብቻው የምናስረው እሳታችን አጠገብ ነበራ!"

ይህን ማን ነገረኝ? ማንም። የያዝኩት መመሪያ ሁለት ገጽ ነው፤ ጥጃ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 26

ከትናንት ይብሳል። ጥጃው ጆሮው በረዶ ነው፤ ሲጠባ ጉልበቱ ይከዳዋል።

አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። ጥጆቹን ብቻ፣ ብርዱ እስኪያልፍ ብቻ፣ ብዬ ለመንኩት። "አንተ የሰው ጤና ነው የያዝከው የከብት?" አለኝ። ቀጠለና አንዱን ካስገባህ ሁሉም ያስገባል፣ ቅዳሜ ድረስ ቻል አድርገው፣ የዝውውር ጉዳይህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ አለ። እሱ ጋ ምድጃ ተቀጣጥሏል፤ ኮቱን አውልቆ ነው የሚሠራው። "እሺ ጌታዬ" ብዬ ወጣሁ። አይ እኔ!

ሐሙስ፣ ኅዳር 27

ኦቦ ገመዳን "በቃ ያስገቡት፤ እኔ አላየሁም እላለሁ" አልኳቸው። በመናገሬ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር።

"አንተ አላየህም፤ ጭቃ ሹሙ ግን ያያል" አሉኝ። "ትናንት መጥቶ ያስገባ ሰው መሬቱን ይለቃል ብሎኛል። እኔ ጭሰኛ ነኝ ልጄ። ላሜንና ይህን ሕፃን ይዤ የት እገባለሁ?"

ጥጃውን ወደ ኪራይ ክፍሌ ልውሰደው ብዬ አሰብኩ። ሃያ እርምጃ አይሆንም። ከዚያ አለቃዬ ቢሰማስ አልኩ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው አልኩ፣ ነገ አስብበታለሁ አልኩ። ካሉኝ ሁለት ብርድ ልብሶች አንዱን አምጥቼ ጥጃውን ጠቀለልኩት። አዴ ሙሉ መረቁኝ። ደስም አለኝ። ርካሽ ደስታ!

ዓርብ፣ ኅዳር 28

ሞቷል። አራት እግሩ ተገትሮ፣ ብርድ ልብሴን እንደለበሰ።

አዴ ሙሉ ሕፃኑን እንዳዘሉ መጥተው አዩትና ተመለሱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ላሟ ስትጮኽ ዋለች። የአገራችን ላም ጥጃዋ አጠገቧ ካልቆመ ወተቷን ትይዛለች፤ ቢያልቧት ጠብ አይላትም። ስለዚህ ኦቦ ገመዳ ጥጃውን ገፈፉት። ቆዳውን በጭድ ሞልተው ሰፉት፣ እግሩን በእንጨት አቆሙት፣ ጀርባው ላይ ጨው ነሰነሱለት። መርፌውን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

ላሟ አሸተተችው፣ ላሰችው። ሰጠች! ትንሽ ናት፣ ለሕፃኑ ግን በቃች። ጠጥቶ ተኛ። የዛሬው ደግ ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 29

ትልቁ ሰው ረፋድ ላይ በላንድሮቨር መጡ። ጫማቸው ጭቃ እንዳይነካው የኦቦ ገመዳን በረት ብቻ አዩ፤ ለመንገዱ የሚቀርበው እሱ ነው። አጥሩን ተደግፈው "ግሩም ነው! ቤቱ ለሰው፣ በረቱ ለከብት" አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ላሟ አጠገብ የቆመው ላይ አረፈ።

"ጥጃውስ እንዴት ያለ ጨዋ ነው! ንቅንቅ አይልም እኮ።"

አብሯቸው የመጣው ሰው ፎቶግራፍ አነሳው። አለቃዬ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። "አየሩ ተስማምቶታል፣ አይደለም?" ብለው ትልቁ ሰው ጠየቁኝ፤ እኔን ነው የጠየቁት።

"አዎ ጌታዬ" አልኩ።

ይህን የምጽፈው ሌላ ጊዜ አላልኩም እንዳልል ነው። ብያለሁ። ኦቦ ገመዳ ደጃቸው ላይ ቆመው ይሰሙኝ ነበር።

ከሄዱ በኋላ አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ሰውየው በጣም ስለረኩ ሥራው በሌላም ቦታ ይቀጥል ብለዋል። ዝውውሬ ተፈቀደ። ጫንጮ! ከሱሉልታም አልፎ፣ ከዚህ የባሰ ብርድ ያለበት፤ እዚያም ከብት ላስወጣ። ወይ አዲስ አበባ!

እሑድ፣ ኅዳር 30

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ኦቦ ገመዳ ጠሩኝ። እንዳላያቸው አንገቴን ደፍቼ እያለፍኩ ነበር።

"ያ ሰውዬ እውነት ሳያውቅ ነው?" አሉኝ።

"ጃንሆይ ይሙቱ፣ አላወቁም።"

ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እኔንም አሳቁኝ። ከዚያ ድንገት ተዉትና ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "አንተ ግን ታውቅ ነበር" አሉኝ። አዎ፣ አውቅ ነበር። ይቅር ይበሉኝ አልኩ፤ እሺም እንቢም አላሉኝም።

"ላሟን እናስገባት" አልኳቸው።

"ጭቃ ሹሙስ?"

"ተቆጣጣሪው በገዛ እጁ አስገባት ይበሉት። በቀን፣ ሰው እያየ ነው የማስገባት።"

ገመዱን ይዤ ሳብኩ። ንቅንቅ አልል አለች! ከኋላ ገፋሁ፤ በጭራዋ ፊቴን መታችኝ። ጎረቤቱ ወጥቶ ያየናል። ኦቦ ገመዳ ወደ በረቱ ተመለሱ፤ በጭድ የተሞላውን ጥጃ እንደ ሕፃን አቅፈው ፊት ፊት ሄዱ። ያን ጊዜ እሷ እየጮኸች ተከተለቻቸው። እኔ የላላ ገመድ እንደያዝኩ ከኋላ ገባሁ።

አለቃዬ ይህን እስከ ነገ ይሰማል። ያባርረኝ፣ ጫንጮ ይላከኝ፣ አላውቅም። ከላከኝ ግን እዚያ ከማንም አውራ ጣት በፊት ጥጃ እንዳላቸው እጠይቃለሁ።